የእድሩን መዝገብ ማን አንብቦት ያውቃል? አክቹዋሪና ኪሱ የሳሳ ሰው

ስሌት_ወዳድ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ መድን ድርጅት ውስጥ የሕይወት መድን ክፍል ነው የምሠራው። የአክቹዋሪ (የመድን ስሌት ባለሙያ) ፈተና ከጀመርኩ አራት ዓመቴ። ግማሹን አልፌዋለሁ፣ ግማሹ እኔን እያለፈኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ቤት ቡና ላይ ጎረቤቷ "ሥራሽ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ከአንድ ሺህ ሰው በዓመት ስንቱ እንደሚሞት፣ ስንቱ እንደሚታመም ከመዝገብ አይቼ መድኑ በስንት መሸጥ እንዳለበት አሰላለሁ" አልኳቸው። አማተቡ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው "ይሄ ለባለ ፎቅ ነው፣ እኛ እድር አለን" አሉኝ። ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው። እድር እኮ መድን ነው! አረቦን አለው፣ "መዋጮ" ይባላል እንጂ። ካሳ አለው፣ መጠባበቂያ አለው፣ ደንብ አለው። የሌለው ነገር የሚያሰላለት ሰው ነው።

መደበኛው የመድን ገበያ ከኢኮኖሚያችን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሰዉ ግን በየወሩ እየከፈለ ነው። ለእድር ይከፍላል፣ ብድር ሲወስድ "የሕይወት ዋስትና" ተብሎ ይቆረጥበታል፣ ለጤና መድን ይከፍላል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ዋጋው ልክ ነው አይደለም ብሎ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አለ? እኔ የሚመስለኝ አክቹዋሪ ለድሃ ሰው ሊሠራ ከፈለገ መጀመሪያ አዲስ ነገር ፈጥሮ መሸጥ የለበትም። ያለውን መዝገብ ይክፈት። እናንተስ? በተለይ እድር ውስጥ፣ ብድርና ቁጠባ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ።

ምን_አገባኝ
እድር ያለ አክቹዋሪ ስንት ዘመን ኖሯል እህቴ። አንድ ሰው መጥቶ "ዘንድሮ ከእናንተ 15ታችሁ ትሞታላችሁ" ቢለን ሟርተኛ ብለን ነው የምናባርረው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ መድን ድርጅት ድሃ ጋ የሚመጣው ሀብታሙን ሸጦ ሲጨርስ ነው።

ስሌት_ወዳድ
የመጨረሻዋ እውነት አለባት፣ አልከራከርህም 😄

ሟርት ካልክ ግን ይህን ሙያ ካስጀመሩት መካከል ቄሶች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ሮበርት ዋላስ እና አሌክሳንደር ዌብስተር የሚባሉ ሁለት የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ። ቄስ ሲሞት ሚስትና ልጆቹ ሜዳ ላይ እየቀሩ ተቸገሩ። ቁጭ ብለው ስንት ቄስ በዓመት ይሞታል፣ ስንቱ ባለትዳር ነው፣ ስንት ልጅ ይተዋል ብለው ቆጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱ በዓመት ስንት ቢያዋጣ ገንዘቡ እንደማያልቅ አሰሉ። እድር ነው የሠሩት። ማን እንደሚሞት አላሉም፤ ስንት እንደሚሞት ነው ያሉት። ልዩነቱ ይሄ ነው።

የእድር_ጸሐፊ_ጉለሌ
ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እኔን ያየሽኝ መሰለኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ 19 ዓመቴ። መዝገቡ እኔ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። የሞተውን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ፣ ከጎኑ የተካውን ሚስት ወይም ልጅ እጽፋለሁ። አሁን አንዳንዱ ገጽ ከሰማያዊው ቀዩ በዝቷል።

ቁጥሩን ልንገርሽ። 310 አባወራ ነን፤ ሰው ሲሞት ስለሚተካ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ወርኃዊ መዋጮ 100 ብር። አባል ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሞት 20,000፤ ልጅ ወይም የአባል ወላጅ ሲሞት 10,000 እንሰጣለን። ለዕቃ ቤት ጥበቃ፣ ለለፋፊ፣ ለድንኳንና ለወንበር ጥገና በዓመት 48,000 ይወጣል። ባንክ 410,000 አለን። ሞት በ2014 ዓ.ም 11፣ በ2015 14፣ በ2016 18፣ በ2017 ደግሞ 22 ነበር። ከ22ቱ 13ቱ አባልና የትዳር ጓደኛ ናቸው፣ 6 ወላጅ፣ 3 ልጅ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኑሮው ሲወደድ መዋጮውን ከ60 ወደ 100፣ ክፍያውንም ከ12,000 ወደ 20,000 አደረግን። ሁለቱም እኩል ስለጨመረ ችግር የለውም ብለን ነበር። ዘንድሮ ግን ሒሳብ ሹሙ ፊቱ ጠቁሯል።

ስሌት_ወዳድ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ዓይነት ንጹሕ መረጃ ስንት መድን ድርጅት ውስጥ እንደማይገኝ ቢያውቁ ይስቃሉ።

እስቲ እንየው። ገቢያችሁ 310 ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ12፣ 372,000 ብር ነው። የ2017 ካሳ 260,000 ሲደመር 90,000፣ 350,000። ከ48,000ው ጋር 398,000። 26,000 ጎድሏል። ይሄን ሒሳብ ሹሙም አይቶታል። ያላየው ቀጥሎ ያለውን ነው።

መዋጮና ክፍያ እኩል መጨመራችሁ ልክ ነበር፣ የሟቹ ቁጥር ባለበት ቢቆም ኖሮ። አልቆመም። በየዓመቱ በ3 በ4 እየጨመረ ነው። በ4 ይቀጥላል እንበል። አንድ ሞት በአማካይ ወደ 16,000 ያስወጣችኋል። ዘንድሮ 26 ከሆነ ወጪው 464,000፣ ጉድለቱ 92,000። በቀጣዩ ዓመት 30 ከሆነ ጉድለቱ 156,000። በሦስተኛው 34፣ ጉድለቱ 220,000። ባንክ ያለው 410,000 ሁለቱን ዓመት ይሸከምና 162,000 ይቀረዋል። በሦስተኛው ዓመት ዘጠነኛው ወር ላይ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ገንዘብ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባላቱን በገቡበት ዘመን ቢደረድሯቸው ምን ይመስላል?

ምን_አገባኝ
ቆይ ቆይ። በአራት ዓመት ቁጥር ነው ይሄን ሁሉ የተናገርሽው? ዘንድሮ 17 ሰው ብቻ ቢሞትስ?

ስሌት_ወዳድ
ጎበዝ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ 22 ያልነው ምንም ነገር ሳይቀየር በአንዱ ዓመት 17፣ በሌላው 27 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "34 ሰው ይሞታል" ብዬ አልፈርምም። ግን አራት ዓመት ተከታትሎ አንድም ጊዜ ሳይቀንስ ሲወጣ፣ እና ከጀርባው ምክንያት ካለ፣ ዕድል ብቻ ነው ብዬ አልተኛም። ምክንያቱን ለማወቅ ነው ጋሼን የጠየቅኩት።

የእድር_ጸሐፊ_ጉለሌ
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ከ310ሩ 190ው ከ1990 ዓ.ም በፊት የገቡ ናቸው። ባለፉት አምስት ዓመታት አዲስ የገባ 7 ብቻ። መግቢያ 6,000 ብር ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን አባቶች ስላዋጡበት አዲስ ሰው ድርሻውን ይክፈል ነው ነገሩ። ልጆቻችን ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል።

ስሌት_ወዳድ
በቃ ይሄ ነው። እድራችሁ እያረጀ ነው። መዋጮው ልክ ያልሆነው ብሩ ስላነሰ ብቻ ሳይሆን በሩ ስለተዘጋ ነው።

መግቢያው ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። የተጠራቀመ ገንዘብና ዕቃ ላይ ድርሻ መክፈል ተገቢ ነው። ግን 6,000 በአንድ ጊዜ አውጣ ሲባል ወጣቱ ይሸሻል፤ ወጣት ሲሸሽ የቀረው ያረጃል፤ ሲያረጅ መዋጮ ይጨምራል፤ ሲጨምር ወጣቱ የበለጠ ይሸሻል።

መንገዶቹ እነዚህ ናቸው። የሦስቱ ዓመት አማካይ ወጪ 528,000 ነው። መጠባበቂያው ሳይነካ ይህን ለመሸፈን መዋጮው 142 ብር ገደማ መሆን አለበት። ወይ መዋጮውን 100 ላይ ትታችሁ ክፍያውን ወደ 13,500 እና 6,750 ታወርዳላችሁ። ወይ ወጣት ታስገባላችሁ። ግን እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ጋሼ! የ30 ዓመት ልጅ ስታስገቡ የምታስገቡት እሱን ብቻ አይደለም። የ70 ዓመት እናቱንም ነው። በ2017 ከሞቱት 6ቱ ወላጅ ናቸው ብለዋል። ስለዚህ ለአዲስ ገቢ የወላጅ ክፍያ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ቢጀምር፣ አለበለዚያ እናቱ አልጋ ላይ ስትሆን ነው የሚመዘገበው።

ብድር_ሠራተኛ_ነበርኩ
እኔ ስለ ብድሩ ልናገር። ሰሜን ሸዋ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን ተዉት። ብድር ሲለቀቅ ከላዩ ላይ 1 በመቶ ይቆረጣል። ተበዳሪው ከሞተ ቀሪው ዕዳ ይሰረዛል፣ ቤተሰቡ አይጠየቅም። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ለተበዳሪው በደንብ አይነገረውም። ውሉ ላይ አለ፣ ማን ያነባል።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት መጣች። ባሏ ከሞተ አምስት ወር ሆኖታል። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ውስጡ የተጠቀለለ ብር አለ። የአምስት ወር ክፍያውን አንድም ሳታጓድል ስትከፍል ቆይታለች፣ ያ ስድስተኛው ነው። ደረሰኙን ልቆርጥላት እስክሪብቶ ሳነሳ ነው የሰውየውን ስም ያየሁት። "ባለቤትሽ የት አለ?" አልኳት። "አፈር ገባ" አለችኝ። ያቺ ሴት አንድ በግና የዘር እህል ሸጣ ነበር የከፈለችው። የማትከፍለውን ዕዳ።

ገንዘቧ እንዲመለስላት አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። ተመለሰ፣ በሰባተኛው ወር። ከዚያ በኋላ ሥራውን ለቀቅኩ።

ስሌት_ወዳድ
ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኛ ስናሰላ የሞት መጠን ዝቅ ያለ ከሆነ ደስ ይለናል። ግን ካሳ ያነሰው ሰው ስላልሞተ ነው ወይስ የሞተበት ሰው እንደሚከፈለው ስላላወቀ? ቁጥሩ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚታዩት። ለዚህ ነው አክቹዋሪው ቢሮ ቁጭ ብሎ ኤክሴል ብቻ ማየት የሌለበት።

አሁን ዋጋውን እንይ። አንድ ሺህ ሰው እያንዳንዱ 50,000 ተበድሮ 500፣ 500 ብር ተቆረጠበት እንበል። 500,000 ተሰበሰበ። በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ስለሆነ ከሺህ 4 ሞተ እንበል (ለምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ)። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሰውየው ሲሞት የሚቀረው በአማካይ 27,000 ቢሆን፣ የተሰረዘው ዕዳ 108,000 ነው። ከተሰበሰበው 100 ብር 22ቱ ነው ወደ ሕዝቡ የተመለሰው። ቀሪው የት ገባ?

የቅርንጫፍ_ኃላፊ
የምትወረውሩት ነገር ሚዛናዊ ይሁን። እኛ ዘንድ የትዳር ጓደኛም ይሸፈናል። የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ ወረቀት አለ። ደግሞ አንድ ወረዳ ላይ ወረርሽኝ ቢነሳ 4 አይደለም 40 ይሞታል፣ ያኔ ከየት ይመጣል? 1 በመቶ ለገበሬውም ለመቁጠር ቀላል ነው።

ስሌት_ወዳድ
ወንድሜ፣ ቅሬታህ ተገቢ ነው። የትዳር ጓደኛን ጨምርና ካሳውን በእጥፍ አድርገው፣ 216,000። ለሥራ ማስኬጃ 100,000 ውሰድ። 316,000 ሆነ። አሁንም 184,000 ይተርፋል። 0.7 በመቶ ብታስከፍል 350,000 ይሰበሰባል፣ ሁሉን ሸፍኖ 34,000 ለመጠባበቂያ ይቀራል። የወረርሽኙ ስጋት እውነት ነው፤ ግን ለሱ መልሱ ጠለፋ መድን (መድን ሰጪው ራሱ የሚገዛው መድን) ነው ወይ ለብቻው የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። እና ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ያ የሚተርፈው ገንዘብ እናንተ ዘንድ በራሱ ሒሳብ ቁጥር ተቀምጧል? ወይስ ዓመቱ ሲያልቅ ትርፍ ውስጥ ይቀላቀላል?

የቅርንጫፍ_ኃላፊ
ይቀላቀላል። (ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም።)

ምን_አገባኝ
😂😂 አላየንህም አልሰማንህም

የያቤሎ_ልጅ
ከተማና ብድር ብቻ አወራችሁ። ቦረና ለእድር ገንዘብ አናዋጣም፣ ሀብታችን ከብት ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የአንዱ ከብት ሞቶ የሌላው አይተርፍም፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያልቀው። ጎረቤት ለጎረቤት መድን የሚሆነው ጎረቤትህ ሲተርፍ ነው።

አጎቴ አንድ ጊዜ የከብት መድን ገዝቶ ነበር። ሰው መጥቶ የሞተ ከብት አይቆጥርም፣ ሳተላይት መሬቱ ምን ያህል እንደለመለመ አይቶ ነው የሚከፈለው አሉት። እኛ "ገና" የምንለው የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከብቱ ከሳ። ሳተላይቱ ግን አረንጓዴ ነው አለ። ቁጥቋጦው እኮ ነው አረንጓዴ የሆነው! እኛ ጋ ቁጥቋጦ ሣሩን ውጦታል፣ ከብት ቁጥቋጦ አይበላም፣ ግመልና ፍየል እንጂ። አጎቴ "ሰማይ ላይ ያለው ዓይን ከብት ጠብቆ አያውቅም" ብሎ ሁለተኛ አልገዛም።

ስሌት_ወዳድ
የአጎትህ አነጋገር ከኛ መማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። ይህ ነገር የኢንዴክስ መድን ትልቁ ጣጣ ነው። ኢንዴክሱ የሚለው ሌላ፣ ሰውየው የደረሰበት ሌላ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከብት በከብት እየዞሩ ካሳ መገመት አረቦኑን ያስንቀዋል፣ መንገዱ ብቻ ስንት ነው። ስለዚህ ዝናብን ወይ የመሬቱን ልምላሜ ይለኩና ከተወሰነ መስመር ሲወርድ ለሁሉም ይከፍላሉ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር ይህን በኬንያ ማርሳቢት እ.ኤ.አ. በ2010፣ ቦረና ደግሞ በ2012 ጀመረው። ለሰብል ትግራይ ውስጥ አዲ ሐ የምትባል ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2009 በ200 ቤተሰብ ተጀምሮ ነበር፤ ድሃው ገበሬ አረቦኑን በጉልበት ሥራ፣ እርከን እየሠራ፣ እንዲከፍል ተደርጎ። እኔ ይቺን ሐሳብ በጣም ነው የምወዳት። ብር የሌለው ሰው መድን አያስፈልገውም ማለት አይደለምና።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ከአንድ የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ሽፋን ገዝቶ ነበር። 930,000 ዶላር ከፈለ፣ ድርቅ ቢመጣ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ያገኝ ነበር። 26 የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ላይ ተመርኩዞ። ዝናቡ ጥሩ ሆነ፣ ምንም አልተከፈለም።

የአክቹዋሪው ሥራ ታዲያ ምን ይሁን? ያለፉትን 20 እና 30 ዓመታት የሳተላይት ቁጥር አውጥቶ ከአጎትህና ከጎረቤቶቹ ጋር ዛፍ ሥር መቀመጥ። "የከፋው ዓመት የቱ ነበር?" ብሎ መጠየቅ። እነሱ የጠሩት ዓመትና ኢንዴክሱ የሚከፍልበት ዓመት ስንት ጊዜ ይገጥማል? ከአስር ክፉ ዓመት አራቱን የሚስት ከሆነ ያ መድን ሳይሆን ሎተሪ ነው፣ መሸጥ የለበትም። ይህን ፊርማውን ያስቀመጠው ሰው ነው መናገር ያለበት።

የያቤሎ_ልጅ
ዛፍ ሥር ለመቀመጥ የሚመጣ ካለ እኔ አስተረጉማለሁ። በነፃ።

ጤና_ጣቢያ_ነኝ
ስለ ማኅበረሰብ አቀፉ ጤና መድንም አንድ ነገር ልበል። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው የሰፋው፣ መንግሥትም ይደጉመዋል፣ ለምስኪኑ ሙሉ በሙሉ ይከፈልለታል። እኔ የማየው ግን ይሄን ነው፦ ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለበት ሰው ያለው አንድም ዓመት ሳያሳድስ አይቀርም፤ ጤነኛው ደግሞ "ባለፈው ዓመት አንድም ቀን አልታከምኩበትም፣ ከሰርኩ" ብሎ ይተዋል። እና መድኃኒት ከሌለ ያ ሰው ልክ ነው።

ስሌት_ወዳድ
ልክ ነው፣ እኔ ብሆንም እተወዋለሁ። ጤነኛው የሚቆየው ሲያስፈልገው መጥቶ ሕክምናውን ካገኘ ብቻ ነው። ምዝገባው ከምርት በኋላ ሰው እጁ ላይ ብር ሲኖር መሆኑ ደግ ነገር ነው። ማን እንዳሳደሰና ማን እንደተወ ቤት በቤት የሚያይ ሰው ግን ያስፈልጋል። የተዉት እነማን እንደሆኑ ሳታውቅ መዋጮ ብትጨምር የሚቀሩህ ሕሙማን ብቻ ናቸው።

ሦስተኛ_ዓመት_ስታት
እኔ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ይህን ውይይት አንብቤ ተነሳሳሁ። አክቹዋሪ ለመሆን ምን ላድርግ? ደግሞስ ለእድር ሠርቼ ምን እበላለሁ? 😅

ስሌት_ወዳድ
ፈተናው የእንግሊዞቹ ወይ የአሜሪካኖቹ ማኅበር ነው የሚሰጠው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ያማል፤ የእንግሊዞቹ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ቅናሽ አላቸው፣ ጠይቅ። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አትጠይቀኝ። እኛ ሀገር ሙሉ ብቃት ያለው አክቹዋሪ በጣም ጥቂት ስለሆነ ድርጅቶች ከናይሮቢ ሰው ያስመጣሉ፤ ስለዚህ ሥራ አታጣም።

ለእድር መሥራት እንጀራ አይሆንም፣ እውነቱን ልንገርህ። ግን ለአንድ እድር ሙሉ አክቹዋሪ አያስፈልግም። ኤክሴል የሚችል፣ መደመርና መቀነስ የማይፈራ፣ "ይህን አላውቅም" ማለት የሚችል ተማሪ ይበቃል። አንድ ጥሩ ቅጽ ተዘጋጅቶ በየክፍለ ከተማው ቢዳረስ ስንት እድር ከመክሰሩ በፊት ይነቃል።

መርካቶ_ዲጂታል
ለምን በቴሌብር አናደርገውም? እያንዳንዱ ካርድ ሲሞላ ሁለት ብር ትቆረጥ፣ ሚሊዮን ሰው ይሸፈናል። ወረቀት የለ፣ ለፋፊ የለ።

ስሌት_ወዳድ
አሰባሰቡ ይረክሳል፣ እሱ እውነት ነው። ለትንንሽ አረቦን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ግን ዚምባብዌን አትርሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢኮላይፍ የሚባል ነገር ተጀመረ፤ የስልክ ካርድ በሞላህ ቁጥር የሕይወት መድን በነፃ ታገኛለህ። በጥቂት ወራት ከሀገሪቱ አዋቂ ሰው 20 በመቶ የሚሆነው ገባበት። ከዚያ ከጀርባው በነበሩት ድርጅቶች መካከል የክፍያ ጸብ ተነሳ፣ እና በ2011 አገልግሎቱ በአንድ ሌሊት ቆመ። ሰዉ ማታ መድን ነበረው፣ ጠዋት የለውም። ከዚያ በኋላ እነዚያን ሰዎች "መድን ግዙ" ብሎ ማሳመን ምን ያህል እንደሚከብድ አስበው። እድር ቢያንስ ሲፈርስ ጉባኤ ይጠራል።

እትዬ_ከሲልቨርስፕሪንግ
እኛም እዚህ አሜሪካ እድር አለን ልጆች። እዚህ የሚያስጨንቀን ቀብሩ አይደለም፣ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት መላኩ ነው። ስንጀምር ሁላችንም ጎረምሳ ነበርን፣ በዓመት አንድ ሰው ቢሞት ነው። አሁን ሁላችንም ጉልበታችንን ይዘን ነው ከመኪና የምንወርደው። የጉለሌውን ወንድሜን ቁጥር ሳነብ የራሳችንን እድር ነው ያየሁት። የዚህ ልጆች ደግሞ "እማዬ፣ እዚሁ ነው የምንቀበረው" ይላሉ። እስቲ እሱን አስሊልኝ።

ስሌት_ወዳድ
እትዬ፣ የአባላትዎን የትውልድ ዓመት ብቻ (ስም አይላኩልኝ) በአንድ ወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ። ማን ወደ ሀገር ቤት መሄድ እንደሚፈልግና ማን እዚያው እንደሚቀበር ለይታችሁ ሁለት ዓይነት ክፍያ ብታደርጉ መዋጮው ይለያያል። እሱን ግን እኔ አልወስንም፣ ጉባኤው ነው።

የእድር_ጸሐፊ_ጉለሌ
እሁድ ጉባኤ አደረግን። ቁጥርሽን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። "በሦስተኛው ዓመት ዘጠነኛው ወር" ያልሽውን ሳነብ አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዱ "ይህቺ ልጅ ማን ናት?" አለ።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ መዋጮው 130 ሆነ። 142 አልተቀበሉም፣ ጡረተኛው ይበዛል። መግቢያው 6,000 እንዳለ ሆኖ በ24 ወር እንዲከፈል ተወሰነ፣ በወር 250። የወላጅ ክፍያን ለአዲስ ገቢ ማዘግየቱን ግን እንቢ አሉ። አንድ አዛውንት ተነስተው "እናቱን የማይቀብር እድር ምን እድር ነው?" አሉ፣ ሰው አጨበጨበ፣ አለቀ።

ስሌት_ወዳድ
ጋሼ፣ 130 ቆንጆ ነው። አሁን ባለው ግምት መጠባበቂያው ሦስቱን ዓመት ይሻገራል፣ መጨረሻ ላይ 276,800 ገደማ ይቀራል። ማለቂያው ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው ዓመት ተገፋ። የወላጁን ነገር ግን በየዓመቱ ለብቻ ቁጠሩት፤ ከ6ቱ ወደ 10 ካለፈ ያን አዛውንት እኔ ራሴ መጥቼ አናግራቸዋለሁ።

የእድር_ጸሐፊ_ጉለሌ
ነይ። ቡና አለ። መዝገቡ ከቤት አይወጣም፣ እዚሁ ነው የምታይው። እኔ ግን አንድ ነገር ገርሞኛል፤ አንቺ ራስሽ የየትኛው እድር አባል ነሽ?

ስሌት_ወዳድ
የለኝም ጋሼ። የሰፈራችን መግቢያ 5,000 ነበር፣ አንድ ላይ ማውጣት ከብዶኝ እስከ ዛሬ ትቼዋለሁ።

የእድር_ጸሐፊ_ጉለሌ
የኛ አሁን በወር 250 ነው። ስምሽን በሰማያዊው ልጻፈው?